ብርና የኬንያ ሽልንግ፦ ከ1 ለ2 ተነስቶ ከአንድ በታች እስኪወርድ

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ክፍል ውስጥ የተነሳ ነገር ነው። ሒሳብ ላይ ስለ ምንዛሪ እያስተማርኩ "አንድ ብር ስንት ሽልንግ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ሁለት" አለች። ከየት አመጣሽው ስላት "አያቴ ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ነው የሚሏት፤ ስለዚህ ብር ሁለት ሽልንግ ነው" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ላይ ሳስበው ግን ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ ያሳሳታት ዘመኑ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ብር አሁን ባለው መልኩ ሲጀመር ልክ ሁለት ሽልንግ ነበር። ሃምሳ ሳንቲም በትልልቆቻችን አፍ ሽልንግ ሆና የቀረችውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሁላችንም ከአንዱ ገንዘብ ወደ ሌላው የተሻገርን ሰዎች ነን። አንዱ ብር ይዞ መጥቶ ሞያሌ ላይ መንዝሯል፣ አንዷ እናቷ ከአገር ቤት የምትልክላትን ትጠብቃለች፣ ሌላው ከዚህ ከሽልንጉ ቆጥቦ ወደዚያ ይልካል። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አዛውንቶቹ "በእኛ ጊዜ አንድ ብር አሥራ አምስት ሽልንግ ነበር" ይላሉ። በቅርብ የመጡት ደግሞ "ብር ሞቷል፣ ከሽልንግ በታች ሆኗል" ይላሉ። ሁለቱም ከሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የሚናገሩት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣና በእርግጥ በዚያ ዋጋ የመነዘረ ሰው እንደነበረ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሌላ ይሆናል።

ሁለት ማሳሰቢያ አስቀድሜ ላድርግ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፣ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ። ሌላው፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለቱም መንግሥታት ገንዘባቸውን ሲተምኑ የኖሩት እርስ በርስ ሳይሆን መጀመሪያ ከወርቅና ከፓውንድ፣ ኋላ ደግሞ ከዶላር ጋር ነው። ስለዚህ የብርና የሽልንግ ዋጋ የሚገኘው አንድ ዶላር የሚያወጣውን ሽልንግ አንድ ዶላር ለሚያወጣው ብር በማካፈል ነው። ከታች የምታነቧቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ እንዲህ አካፍዬ ያገኘኋቸው ናቸው።

ሽልንግ አዲስ አበባ ውስጥ

ሽልንግ የኬንያ ብቻ ከመሆኑ በፊት የመላው የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ነበር። ከእሱ በፊት ደግሞ እዚህ አገር የሚሠራበት የሕንድ ሩፒ ነበር፤ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን ባቡር የሠሩት ሕንዶች ስለነበሩ፣ ንግዱም በሕንዶች እጅ ስለነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብር ማዕድን ዋጋ ሲንር ሩፒውም አብሮ ናረና የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ዕዳችን በዛብን ብለው ጮኹ። በ1920 ሩፒ ቀርቶ ፍሎሪን የሚባል ገንዘብ መጣ፣ እሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሽልንግ ተተካ። የሚያወጣው ለንደን የተቀመጠ የገንዘብ ቦርድ ነው፤ 20 ሽልንግ ሁልጊዜ 1 የእንግሊዝ ፓውንድ ነው። ፓውንዱ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። የራሱ ሐሳብ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ይህ ሽልንግ ኢትዮጵያ የገባው በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። ጣሊያን ሲባረር ገበያ ላይ የነበረው ገንዘብ ጉድ ነው፦ የጣሊያን ሊሬ፣ ጠገራ ብር (ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት)፣ የሕንድ ሩፒ፣ የግብፅ ፓውንድ፣ በዚያ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። ባላገሩ ወረቀት አያምንም፤ ጠገራ ብሩን ካልሰጣችሁኝ ብሎ እህሉን ይዞ ይመለሳል። እንግሊዞች ኢትዮጵያ በሽልንጉ ቀጣና ውስጥ እንድትቀር ፈልገው ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባ ገንዘብ የሚወሰነው ለንደን ላይ ነበር ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እምቢ አሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1942 ተቋቋመ፣ ገዥውም ጆርጅ ብሎወርስ የሚባል አሜሪካዊ ሆነ። እንግሊዝ አለመሆኑን ልብ በሉ።

አዲሱ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ ሐምሌ 23 ቀን 1945 ወጣ። ቀኑ የንጉሡ የልደት በዓል ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ የኢትዮጵያ ዶላር፣ በአማርኛ ግን ያው ብር። ዋጋው 0.36 ግራም ገደማ ወርቅ ተብሎ ተወሰነ፤ በአሜሪካ ዶላር ሲሰላ 1 ዶላር 2.48 ብር ይሆናል። ሽልንጉ ከገበያ የተሰበሰበው በ1 ብር 2 ሽልንግ ሒሳብ ነው። ሳንቲሞቹ ፊላደልፊያ፣ አሜሪካ ውስጥ ተመቱ። ከሁሉም ደግሞ ሃምሳ ሳንቲሟ ከእውነተኛ የብር ማዕድን የተሠራች ነበረች፤ ማዕድኑን አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ብድር የሰጠችው ነው። ወረቀት የማያምነው ባላገር እንዲያምናት ነበር። የድሮው ሽልንግ ላይ አንበሳ አለ፣ አዲሷ ሃምሳ ሳንቲም ላይም አንበሳ አለ፣ ዋጋቸውም አንድ ነው። ገበያተኛው ምን ስም ያውጣላት? ሽልንግ አላት።

ዝም ብሎ የቆመ ከፍ ይላል

አሁን አንድ የሚገርም ነገር። በመስከረም 1949 እንግሊዝ በጦርነቱ ዕዳ ተጨንቃ ፓውንዷን ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 አወረደች። ሽልንግ ከፓውንዱ ጋር ታስሯልና አብሮ ወረደ። ኢትዮጵያ ግን ብሯን ከወርቅ ጋር ስላሰረች አልነካችውም። በአንድ ሌሊት 1 ብር ከ2 ሽልንግ ወደ 2.88 ገደማ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ምንም አላደረገም፤ ቡናው አልጨመረ፣ ፋብሪካ አልተከፈተ። ከብር ጎን የቆመው ሲያጎነብስ ብር የረዘመ መሰለ። የሃምሳ ሳንቲሟ ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነት መሆኑ ቀርቷል፣ ማንም ግን አልቀየረውም።

በ1964 መግቢያ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንክ ተለይቶ ሥራ ሲጀምር ዶላር 2.50 ብር ሆነ። ኬንያ በ1963 ነፃ ወጥታ መስከረም 14 ቀን 1966 የራሷን ሽልንግ አወጣች፣ አሮጌውን አንድ ለአንድ ቀየረች። ዶላር ያኔ 7.14 ሽልንግ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ እንግሊዝ ፓውንዷን እንደገና ስታወርድ የናይሮቢው ማዕከላዊ ባንክ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ቢሆንም አልከተለም። ለእኔ የሽልንግ እውነተኛ የነፃነት ቀን ይህ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ኖት የወጣበት ቀን አይደለም።

ከዚያ አሜሪካ በተራዋ ዶላሯን ከወርቅ ፈትታ በታኅሣሥ 1971 እና በየካቲት 1973 ሁለት ጊዜ አወረደች። ኢትዮጵያ አሁንም ዝም ብላ ቆመች። ዶላር መጀመሪያ 2.30፣ ቀጥሎ 2.07 ብር ሆነ። ብርም ከ3 ሽልንግ በላይ ሆነ። እንግዲህ 2.07 የምትባለዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ታሪክ በሙሉ የእሷ ነው።

2.07

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። በ1976 የንጉሡ ፎቶ ያለበት ኖት ተሰብስቦ አዲስ ኖት ወጣ፣ ዶላር የሚለው የእንግሊዝኛ ስምም ቀርቶ በሁሉም ቋንቋ ብር ተባለ። የሶማሊያ ጦርነት መጣ፣ የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ መጣ፣ በሰሜን ጦርነቱ በረታ። 2.07 ግን ንቅንቅ አላለችም። ከ1973 እስከ 1992፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኩል። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ አላየሁትም፤ ያዩት ግን እስከ ዛሬ በኩራት ነው የሚያወሩት።

ኬንያ በዚያው ዘመን ተቃራኒውን አደረገች። የቡና ዋጋ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሰማይ ነክቶ ተመልሶ ወረደ፣ ነዳጅ ተወደደ፣ አበዳሪዎች ገንዘባችሁን አስተካክሉ አሉ። በ1975 ሽልንግ ወረደ፣ በ1981 ብቻ ሁለት ጊዜ ወረደ። በ1981 መጨረሻ ዶላር 10 ሽልንግ አልፏል፣ በ1985 መጨረሻ 16፣ በ1990 መጨረሻ 24፣ በ1991 መጨረሻ 28። እነዚህን ለ2.07 ስታካፍሏቸው ብር ከ5 ሽልንግ ወደ 8 ገደማ፣ ከዚያ ወደ 11.6፣ ከዚያ ወደ 13.5 ሲወጣ ታያላችሁ። በ1992 አጋማሽ 15 ደረሰ። አዛውንቶቻችን የሚሉት "አሥራ አምስት ሽልንግ" ይህ ነው። ውሸት አይደለም፤ ይፋዊው ተመን ነበር።

ጥያቄው ማን በዚያ መነዘረ ነው። እኛ ብሎክ ያሉ አንድ አባት በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በሞያሌ በኩል የወጡ ናቸው። የአሥራ አምስቱን ሽልንግ ክርክር ዘወትር የሚያነሱት እሳቸው ናቸው።

"አባባ፣ እርስዎ ሲገቡ ስንት ብር ይዘው ነበር?" አልኳቸው።

"ሁለት ሺህ።"

"እሺ፣ በይፋዊው ቢሆን ሃያ ሰባት ሺህ ሽልንግ ነው የሚሆነው። ሞያሌ ላይ ስንት ሰጡዎት?"

ትንሽ ዝም አሉና "ኧረ አንተ ልጅ፣ ለአንዱ ብር አራት ሽልንግ ነው የሰጡኝ። እሱንም ለምኜ" አሉኝ።

ሁለት ሺህ በአራት፣ ስምንት ሺህ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሽልንጉን ማን ወሰደው? ማንም። ድሮም አልነበረም። በዚያን ጊዜ 2.07 ዶላር ለመግዛት የሚያገለግለው ለመንግሥትና ፈቃድ ላገኘ ብቻ ነው። በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ከይፋዊው ከሁለት እጥፍ በላይ ብር ያወጣ ነበር። ባንክ ቤቱ 2.07 ብሎ የጻፈው የምኞት ዋጋ ነው፣ ሞያሌ ላይ ያለችው ነጋዴ ግን የምትሰጠው የገበያውን ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ስደተኛ ላይ ብቻ አይደለም። የሐረር ወይም የሲዳማ ቡና ውጭ አገር በዶላር ይሸጣል፤ ያ ዶላር አገር ውስጥ ሲገባ የሚመነዘረው በ2.07 ነው። ስለዚህ ለገበሬው የሚደርሰው ትንሽ ነው። ቡናው በኮንትሮባንድ ድንበር ቢሻገር የተሻለ ያወጣል፣ ይሻገርም ነበር። ውድ የመሰለው ብር ገበሬውን ያደኸየው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ስነግራቸው አባባ "እንዲያም ሆኖ ያኔ ብር ብር ነበር" አሉኝ፤ ከዚህ በላይ አልተከራከርኳቸውም።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲናወጡ

ካኩማ ካምፕ የተከፈተው በ1992 ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት 1 (መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም.) የሽግግር መንግሥቱ 2.07ን አነሳና ዶላርን 5 ብር አደረገ። በአንድ ቀን ብር ከ15 ሽልንግ ወደ 7 ገደማ ወረደ። ካምፑ ውስጥ ይህን በሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። በእርግጥ ግን ገበያው ቀድሞ እዚያ ደርሶ ስለነበር የኪሳቸው ብር ብዙም አልተነካም። የተነካው ኩራታቸው ነው።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ደግሞ ሽልንግ በቀጣዮቹ ወራት የባሰ መውደቁን ነው። ለጋሾች ከ1991 መጨረሻ ጀምሮ ለኬንያ የሚሰጡትን ዕርዳታ አቁመው ነበር። በታኅሣሥ 1992 ምርጫ ነበር፤ ለምርጫው ገንዘብ በገፍ ታተመ። በዚያ ላይ ጎልደንበርግ የሚባለው ቅሌት አለ፦ ኬንያ ይህ ነው የሚባል ያልነበራትን ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ ልከናል በሚል ሰበብ ከመንግሥት ካዝና የማበረታቻ ክፍያ የተወሰደበት። በ1992 መጨረሻ 36 የነበረው ዶላር በ1993 መጨረሻ 68 ሽልንግ ሆነ። ብር 5 ላይ ቆሞ ስለነበር እንደገና ከ13 ሽልንግ በላይ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ሽልንግ ነፍስ ዘርቶ በ1994 መጨረሻ ወደ 45 ተመለሰ፣ ብርም በጨረታ ዶላር መሸጥ ተጀምሮለት 6 እየተጠጋ ነበር፤ ስለዚህ ብር 7.5 ሽልንግ። አሥራ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ ሰባት ተኩል። በሁለት ዓመት ውስጥ! በእነዚያ ወራት ሞያሌ ላይ ሲመነዝር የኖረ ሰው ፀጉሩ ቢሸብት አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ኬንያ ሽልንጉን ለገበያ ለቀቀች። በ2000 ዶላር 78 ሽልንግ ነበር፣ በ2008 አጋማሽ ወደ 62 ወርዶ፣ በጥቅምት 2011 ከ100 አለፈ፣ ተመልሶም ወረደ። ይወጣል ይወርዳል። ኢትዮጵያ ግን ብርን በእጇ ይዛ በትንሽ በትንሹ ታወርደው ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ትልቅ እርምጃ። በመስከረም 2010 ከ13.6 ወደ 16.35፣ በጥቅምት 2017 ከ23.4 ወደ 26.9። የብር መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ወደ ታች። በ2000 ከ9 ሽልንግ በላይ የነበረው ብር በ2010ሩ ቅነሳ 5 ሽልንግ ገደማ፣ በ2017ቱ 3.8፣ በ2020 መጨረሻ 2.8 ሆነ። ይህ ሲሆን ሽልንግ ጀግና ሆኖ አይደለም። በኢትዮጵያ ዕቃ በፍጥነት ይወደድ ስለነበር ነው፤ በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ሳለ ኬንያ 10 በመቶ አልሞላችም።

የአሮጌው መቶ ብር ነገር

እዚህ ላይ ከተመኑ ወጣ ያለ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አላርፍም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. (2020) ኢትዮጵያ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀየረች፣ 200 ብርም ጨመረች። አሮጌው መቀየሪያ ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ፣ የተማሪዬ እናት፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። አርባ ስድስት አሮጌ መቶ ብሮች። ከአገር ስትወጣ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሰፍታ ያመጣቻቸው ናቸው፤ "ክፉ ቀን ቢመጣ" ብላ አስቀምጣቸው ኖራለች። ልጇ ታሞባት ናይሮቢ መሄድ ስለነበረባት "ቲቸር፣ ስንት ሽልንግ ይሆናል?" አለችኝ። ብሮቹ ንጹሕ ናቸው፣ አልታጠፉም። ኖቱ ከተቀየረ ዓመታት እንዳለፉት ማንም አልነገራትም ነበር። ነገርኳት። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አየችውና "ያው አራሹ ከነበሬው አለ እኮ" አለችኝ።

ኬንያም እንዲሁ አድርጋለች። በሰኔ 2019 አዲስ ኖቶች ሲወጡ አሮጌው አንድ ሺህ ሽልንግ ብቻ እስከ መስከረም 30 ቀን ካልተቀየረ ወረቀት ሆኖ ይቀራል ተባለ፤ ሆነም። ሌሎቹ አሮጌ ኖቶች ግን አልተሰረዙም። ስለዚህ የየትኛውንም አገር ገንዘብ ፍራሽ ሥር ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ኖቱ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ። የብር አዲሱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፈበት ነው።

2024

የቅርቡን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ምክንያቱን ግን ብዙ ሰው አያገናኘውም። ሁለቱም አገሮች ከውጭ ባለሀብቶች በቦንድ የተበደሩት ዶላር ነበራቸው፣ የመክፈያ ጊዜያቸውም ተቀራራቢ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ኬንያ ደግሞ በሰኔ 2024 የሚደርስባት የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነበራት፤ ትከፍል ይሆን እየተባለ ሲወራ ሽልንግ በጥር 2024 ዶላርን 160 አስገባው። በየካቲት ኬንያ በከፍተኛ ወለድ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ተበድራ አሮጌውን መክፈል ስትጀምር ፍርሃቱ በረደና ሽልንግ በሳምንታት ውስጥ ወደ 130 ገደማ ተመለሰ። በዕዳ ላይ ዕዳ ነው፣ ግን ሽልንጉን አቆመው። ከዚያ በኋላ እስከ 2025 ድረስ 129 አካባቢ ተተክሎ ቆየ።

ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ሐምሌ 29 ቀን 2024) ብር በገበያ እንዲወሰን ለቀቀች፣ በዚያው ቀን ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደላት። 57.5 ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ በ2025 አጋማሽ ከ130 በላይ ሆነ። አካፍሏቸው። ከመለቀቁ በፊት በነበረው ቀን ብር 2.25 ሽልንግ፣ በነሐሴ 1.2 አካባቢ፣ በ2025 ከአንድ በታች። ሃምሳ ሳንቲሟ ሽልንግ መሆኗ ቀርቶ አንድ ሙሉ ብርም ሽልንግ አይሞላም ማለት ነው።

አንድ ወጣት፣ በቅርብ የመጣ፣ አገር ቤት ባንክ ውስጥ 50,000 ብር አለው። "በአንድ ዓመት ከስልሳ ሺህ ሽልንግ በላይ ተበላሁ" ብሎ ሲያዝን አብረን አሰላነው። በይፋዊው ተመን እውነቱን ነው፦ ከመለቀቁ በፊት 112,000 ሽልንግ፣ ከዓመት በኋላ 48,000 ገደማ። ግን በ2024 በ57.5 ዶላር ሸጦ የሚሰጠው ባንክ ነበረ ወይ? አልነበረም። ጥቁር ገበያው ያኔ ከ110 ይበልጥ ነበር። በ115 እንኳ ብናሰላው 56,000 ሽልንግ ነው የሚደርሰው። የከሰረው ስምንት ሺህ ያህል ነው። ስምንት ሺህ ሽልንግ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፤ ለእኛ ቀላል አይደለም። ከስልሳ ሺህ ግን ይለያል። ታሪኩ ከአባባ ሁለት ሺህ ብር ጋር አንድ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢራራቁም ሁለቱም ያጡት ብዙው ገንዘብ ሰሌዳ ላይ ብቻ የነበረ ነው።

"ብር ከሽልንግ ካነሰ ኢትዮጵያ ከኬንያ ድሃ ሆነች ማለት ነው?" ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች አሉኝ። በዚህ ቁጥር አይታወቅም። የጃፓን የን ከሽልንግ ያነሰ ነው፤ ጃፓን ድሃ ናት የሚል ግን የለም። በ1945 ብር 2 ሽልንግ ሆኖ የጀመረው እንዲያ ስለተወሰነ ነው፤ 20 ተብሎ ቢጀመር ዛሬም ከላይ ነበር። የሚያሳስበው በአንድ ዓመት ምን ያህል ወረደ የሚለው ነው፣ ቆጥባችሁ የያዛችሁት በየትኛው ገንዘብ ነው የሚለው ደግሞ የበለጠ።

ራሳችሁ ማስላት ለምትፈልጉ፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም የኬንያ ማዕከላዊ ባንክም የዶላር ተመናቸውን በየሥራ ቀኑ ያወጣሉ፣ ስልክ ላይ ይገኛል። የናይሮቢውን ለአዲስ አበባው አካፍሉ። ለምሳሌ በ2025 በነበረው ተመን 129ን ለ135 ብታካፍሉ 0.96 ይመጣል፤ ስለዚህ ያኔ 1,000 ብር 960 ሽልንግ አካባቢ መሆን ነበረበት። ላኪው ወይም መንዛሪው ከዚህ ዝቅ አድርጎ ይሰጣችኋል፣ ትርፉ ከዚያ ነውና። በዚያ ተመን 930 ካላችሁ ተነጋገሩ፤ 800 ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። ከአንድ ሰው በላይ ሳትጠይቁ ብሩን ከእጃችሁ አታውጡ።

የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ነገር የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ፈተና ካለቀ በኋላ እመለስበታለሁ።